የድንጋይ ንጣፍ ታሪክና የዱራሜው ግቢ

ድንጋይ ማንጠፍ ለአገራችን እንግዳ ጥበብ አይደለም። በአክሱም ከተማ አጠገብ የሚገኘውን የዱንጉር ፍርስራሽ የጎበኘ ሁሉ፣ በጥንቃቄ የተገጣጠመውን የድንጋይ ወለል ሳያደንቅ አይመለስም። ሮማውያንም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ዓመት በጀመሩት የአፒያ መንገድ ዝናቸው እስከ ዛሬ ይነገራል። ይሁንና የዚያ መንገድ ዕድሜ የተገኘው ከላይ ከሚታየው ድንጋይ ብቻ አይደለም። ከሥሩ በተደለደለው መሠረትና ውሃን ወደ ጎን በሚያወርደው አሠራር ጭምር ነው።

በቅርቡ ታሪካችን ከፍተኛ ስፍራ የያዘው ኮብልስቶን ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ ተሞክሮ፣ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ሥራው ከማሽን ይልቅ መዶሻ፣ መሮና የሰው እጅ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆኗል። ድንጋዩ በአሸዋ ላይ ስለሚያርፍም፣ ንጣፉ ቢሰምጥ ተነቅሎ እንደገና ይነጠፋል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የእግረኛ መንገዶች በሰፋፊ ንጣፎች ተሸፍነዋል፤ ሥራውም ወደ ክልል ከተሞች ደርሷል።

ይህን የተመለከቱት የዱራሜዋ አክስቴ፣ የግቢያቸውን አሮጌ ንጣፍ በጥርብ ድንጋይ እንድለውጥላቸው ጠየቁኝ። ዱራሜ በሀምበሪቾ ተራራ ግርጌ የምትገኝ የከምባታ ዞን ዋና ከተማ ናት። ዝናቧ ብዙ፣ መሬቷ ተዳፋት ነው። የአክስቴ ግቢ አፈርም ቀይና ሸክላማ ነው። አሮጌው ንጣፍ ከወንዝ የተለቀመ፣ ቅርጹ ወጣ ገባ የሆነ ድንጋይ ነበር። እኔም በትምህርቴ ተማምኜ፣ ለምን እንደዚያ እንደተነጠፈ ሳልጠይቅ አስነቀልሁት። አዲሱን ድንጋይ በቀጭን የስሚንቶ ልስን ላይ አስተኝቼ፣ መጋጠሚያውንም በስሚንቶ ደፈንሁት። ግቢው አማረ።

ክረምት ሲገባ ግን ውሃው መውጫ አጥቶ በቤቱ ግድግዳ ሥር ተኛ። ጥቂት ድንጋዮችም ተሰነጠቁ። አክስቴ በቁጣ ሳይሆን በትዝብት፣ «ልጄ፣ የድሮው ድንጋይ ውሃውን ያሳልፈው ነበር፤ ያንተው ለዓይን እንጂ ለክረምት አልተሠራም» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በጋው ሲመጣ ሁሉንም አስነስቼ በራሴ ወጪ እንደገና ጀመርሁ። ሸክላማው አፈር ተቆፍሮ ወጣ፤ ገረገንቲና ጠጠር ተደልድሎ ተጠቀጠቀ፤ በላዩ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ተነጠፈ። ድንጋዩ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሆኖ፣ ከቤቱ ወደ ውጭ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ በሲባጎና በውሃ ልክ ተስተካከለ። መጋጠሚያው በአሸዋ ተሞላ። ያ የተናቀው የወንዝ ድንጋይም አልተጣለም፤ በግቢው ዳር በተቆፈረው ቦይ ውስጥ ተደርድሮ ውሃውን ወደ እንሰቱ ማሳ የሚያደርስ ሆነ።

በመሆኑም የሙያ ባልደረቦቼን አንድ ነገር አሳስባለሁ። አሮጌ ንጣፍ በቦታው ለረጅም ዘመን ከቆየ፣ የቆየበት ምክንያት አለው። አዲስ ድንጋይ ከመጫናችን በፊት ያንን ምክንያት በአካፋ ቆፍረን እንይ፤ ግቢውን በየክረምቱ ያዩትንም ሰዎች እንጠይቅ። የዱንጉር ግንበኞች ዲፕሎማ አልነበራቸውም፤ ወለላቸው ግን ዛሬም ይታያል።