ሦስት ጊዜ የተቃጠለው ሬዚስታንስ

የዛሬው ትረካዬ ከወደ ማሻ ነው። ማሻን ያላያችሁ እንደሆነ፣ ከቴፒ ሙቀት ተነስታችሁ ዳገቱን ስትያያዙት ቡናው እየሳሳ፣ እንሰቱና ቀርከሃው እየበዛ፣ ጉሙ የመኪናውን መስታወት እየሸፈነው የምትደርሱባት የሸካ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሥር ናት። ቴፒ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ማሻ ከ2,000 ሜትር በላይ ትወጣለች። ቴፒ ላይ በሸሚዝ የዋለ መንገደኛ ማሻ ሲደርስ ጋቢ ይጠይቃል፤ ከጋቢው ቀጥሎ የሚጠይቀው ሙቅ ውሃ ነው።

በዚህች ከተማ አንዲት እናት ፔንሲዮን ነበራቸው በሉ። ስም አልጠራም፤ ታሪኩ ቦይለር በተሰቀለበት ቤት ሁሉ የሚገጥም ነውና ማንም የራሱን ቤት ያስብበት። እኒህ እናት 80 ሊትር የሚይዝ የኤሌክትሪክ ቦይለር ገዝተው፣ ግድግዳ ላይ አሰቅለው፣ «የሞቀ ሻወር አለ» ብለው በር ላይ ጻፉ። እንግዳ ገባ። ታጠበ። ሲወጣ ግን ፊቱ ጠቁሯል። «እማማ፣ ውሃው ለብ ይልና ገና ሳሙናዬን ሳልጨርስ ይቀዘቅዛል» አለ። የነገውም እንግዳ እንዲሁ፤ የከነገ ወዲያውም እንዲሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ጭራሽ ቀዘቀዘ። ሠራተኛ ተጠራ። ፈታና «ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል» አለ፤ ቀየረ፤ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ውሃው ተመልሶ ለብ አለ። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ሬዚስታንስ ተቃጠለ። ሦስተኛውም ተከተለ። በዚህ ጊዜ የመጣው ሠራተኛ «ይሄ ዕቃ አይረባም፤ አዲስ ይግዙ» ብሎ ነገራቸው። እሳቸውም ወደ ማገዶው ተመለሱ። በርሜል ሙሉ ውሃ ጥደው ለእንግዳ በባልዲ ማደል ጀመሩ። ይህ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ፣ የባሮና የአኮቦ ገባሮች የሚመነጩበት ደን ነው። አንድ የተበላሸ ቦይለር በየዕለቱ ስንት እንጨት እንደሚያስነድድ፣ ጭሱም የማንን ዓይን እንደሚያስለቅስ የሚያውቁት ጓዳ ያሉት ሴቶች ናቸው።

በመጨረሻ አንድ ሰው መጣ። ዕድሜው ሠላሳዎቹን የያዘ፣ ነገር የማያበዛ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቦርሳው ውስጥ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የቧንቧ መፍቻና አንድ ቴስተር ይዟል። አብሮት አንድ ሥራ ለማጅ ልጅ አለ። ልጁ እንደ ገባ ካቻቪቴውን አወጣ።

«ቆይ» አለው ሰውየው። «መጀመሪያ እንጠይቅ።»

ከእናታችን ፊት ተቀመጠና «እማማ፣ ሬዚስታንሱ የተቃጠለ ሰሞን የከተማው ውሃ ጠፍቶ ነበር?» አላቸው።

እሳቸውም አሰቡ። «አዎ ልጄ፤ ጠፍቶ ነበር። ሁለተኛው ጊዜም ቢሆን ውሃ በተመለሰ በማግስቱ ነው ያወቅነው። ምነው?»

«የተቃጠለውን ጥለውታል?»

«ብረት አይጣልም ብዬ ጓዳ አስቀምጬዋለሁ።»

አመጡለት። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሰውየው ሬዚስታንሱን ወደ ብርሃን አዙሮ በጣቱ ዳሰሰው። ኖራ የበዛበት ውሃ ባለበት አገር ሬዚስታንስ ላይ ነጭ ድንጋይ ይጋገርበታል፤ ሙቀቱን ያፍነዋል፤ በመጨረሻም ያቃጥለዋል። ይሄኛው ላይ ግን የጋገረ ነገር የለም። ቱቦው ጠቁሮ፣ አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቆ፣ ውስጡ ያለው ነጭ ዱቄት ይታያል። «ይሄ ውሃ ውስጥ ሆኖ አልተቃጠለም» አለ ለልጁ። «በባዶ ሆድ ነው የነደደው።»

ልጁ ግራ ገባው። «ጋሼ፣ ቦይለር እንዴት ባዶ ይሆናል? ውሃ ቢጠፋም የገባው አለ አይደል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን እኔ ልንገራችሁ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቦይለር ከታች ሁለት ቱቦ አለው። ሰማያዊ ቀለበት ያለበት የቀዝቃዛው መግቢያ ነው፤ አጭር ነው፤ ውሃውን ከሥር ይለቃል። ቀይ ቀለበት ያለበት የሙቁ መውጫ ነው፤ ረጅም ነው፤ አፉ እስከ ላይኛው ጣሪያ ይደርሳል። ምክንያቱም ዘይት በውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ሁሉ ሙቅ ውሃም በቀዝቃዛው ላይ ይንሳፈፋል። ከላይ ያለው ሙቅ በረጅሙ ቱቦ ሲወጣ፣ ቀዝቃዛው ከሥር ቀስ ብሎ እየገባ ወደ ላይ ይገፋዋል። በዚህ አሠራር የከተማው ውሃ ቢጠፋ እንኳ የመውጫው አፍ ከላይ ስለሆነ ሆዱ ሙሉ ሆኖ ይቆያል።

ሰውየው የእጅ ባትሪ ለኮሰና ከቦይለሩ ሥር ገባ። ቀለበቶቹን የግድግዳ ቀለም ሸፍኗቸዋል። በአውራ ጣቱ ጥፍር ቀለሙን ፋቀው። ከመንገድ የሚመጣው የከተማው ውሃ የተገጠመው ቀዩ ላይ ነው! ወደ ሻወሩ የሚሄደው ደግሞ ከሰማያዊው ይወጣል። የሰቀለው ሰው አገላብጦት ኖሯል።

እንግዲህ የለብታው ምሥጢር ይኸው። ቀዝቃዛው በረጅሙ ቱቦ ከላይ እየገባ የሞቀውን ያበርደዋል፤ እንግዳው የሚታጠበው ደግሞ ከሥር የተቀዳውን ነው። የቃጠሎውም ምሥጢር ከዚሁ አይርቅም። ውሃ ሲጠፋ ሰው ምን ያደርጋል? «መጣ ይሆን?» እያለ የግቢውን ቧንቧ ይከፍታል። በዚያ አየር ይገባል፤ አየሩ በረጅሙ ቱቦ ሽቅብ ሄዶ የቦይለሩ አናት ይደርሳል። በዚያው ሰዓት እንግዳው ሻወሩን ሲከፍት ሆዱ ከሥር ተንዶልዱሎ ያልቃል። ማብሪያውን ማንም አላጠፋውም። ሬዚስታንሱ እርቃኑን ይግላል፤ ይሰነጠቃል። ውሃ ሲመለስ ቦይለሩ ይሞላል፤ ዳግመኛ ግን አይሞቅም።

ሰውየው ብሬከሩን አወረደ። በዚህ ብቻ አልተማመነም፤ ኮረንቲ አለመኖሩን በቴስተር አረጋገጠ። የኧርዝ ሽቦው መታሰሩንም አየ፤ እርጥብ ገላ ከኮረንቲ ጋር ቀልድ አያውቅምና። ውሃውን ሊያፈስ ወደ ሴፍቲ ቫልቩ እጁን ሲሰድ ግን ክው አለ። የቫልቩ ማንጠባጠቢያ በእንጨት ተወትፏል።

«እማማ፣ ይህን ማን ደፈነው?»

«ሌሊት ሌሊት እያንጠባጠበ ወለሉን ሲያበላሽብን ነው የተደፈነው ልጄ።»

እንጨቱን ነቅሎ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው። «ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። 80 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ሲሞቅ ከአንድ ሊትር በላይ ይጨምራል። የጨመረው ውሃ መውጫው ይህች ቀዳዳ ናት። ማንጠባጠቧ ሥራዋ ነው። ቴርሞስታቱ አንድ ቀን አልቆርጥም ቢልና ይህች ቀዳዳ ተደፍና ብትገኝ፣ ቦይለሩ ግድግዳ ይዞ ይሄዳል።» እውነቱን ነው። አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን 1,600 ሊትር ገደማ ቦታ ይፈልጋል። መፍትሔው የአንዲት ቀጭን ጎማ ዋጋ ነው፤ ጫፏን ቫልቩ ላይ ሰክቶ ወደ ፍሳሹ ዘረጋት፣ ወለሉም ደረቀ።

ክዳኑን ሲከፍቱ ከሬዚስታንሱ ጎን የተሰካችው የማግኒዚየም ዘንግ አልቃ ሽቦ ብቻ ቀርታለች። ይህች ዘንግ እየተበላች የታንከሩን ብረት ከዝገት የምታድን ናት። ሐሳቡ የእንግሊዛዊው ሊቅ የሃምፍሪ ዴቪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1824 የመርከቦችን የመዳብ ልባስ ለማዳን ከመዳቡ ይልቅ ባሕሩ የሚበላውን ሌላ ብረት አጠገቡ አሰረለት። ሰውየውም አዲስ ዘንግ፣ አዲስ 1,500 ዋት ሬዚስታንስ፣ አዲስ የጎማ ማሸጊያ ገጠመ። ቱቦዎቹን ወደ ቦታቸው መለሰ፤ ሴፍቲ ቫልቩንም ሰማያዊው ላይ አሰረው። ልጁ ማብሪያውን ሊነካ ሲል «ሳይሞላ?» ብሎ እጁን ያዘው። የሙቁን ቧንቧ ከፍተው፣ አየሩ እያጉረመረመ ወጥቶ ውሃው ያለ ትንፋሽ እስኪወርድ ጠበቁ። ከዚያ በኋላ ነው ማብሪያው የተጫነው።

ሰውየው አሁንም አልሄደም። አመሻሽ ላይ፣ ከተማው ሁሉ ምጣዱንና አምፖሉን በለኮሰበት ሰዓት፣ ቴስተሩን ሶኬቱ ላይ አሳረፈ። 220 መሆን የነበረበት ቮልት 170 ላይ ቆሟል። ቮልት ሲወርድ የሬዚስታንስ ጉልበት ከዚያ በባሰ ይወርዳል፤ የ1,500 ዋቱ በ170 ቮልት 900 ዋት ያህል ብቻ ነው። ሙሉ ቮልት ሲኖር 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ የሚፈጀው ማሞቅ፣ እንዲህ ሲደክም 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወስዳል። «እማማ፣ ከምሳ በኋላ ያብሩት፤ ሲመሽ ያጥፉት። ሙቀቱን አቅፎ ያቆየዋል። ውሃ የጠፋ ቀን ደግሞ ጨርሶ አያብሩት» አላቸው።

በማግስቱ የገባው እንግዳ ሳሙናውን ጨርሶ፣ ተለቃልቆ ወጣ። በርሜሉም ከምድጃው ወረደ።

ወዳጆቼ፣ ከእሱ በፊት የመጡት ሠራተኞች እጃቸው ሰነፍ አልነበረም። የተቃጠለውን አይተው ቀይረዋል። ያልጠየቁት አንዲት ነገር ናት፦ ለምን ተቃጠለ? ያቺ ጥያቄ ሳትጠየቅ የተቀየረ ዕቃ ሁሉ ለቀጣዩ ቃጠሎ የተገዛ ነው። ስለዚህ ባለሙያ ስትጠሩ የሚጠይቃችሁን ፈልጉ። የተቃጠለውን ዕቃ አትጣሉ፤ አሳዩት። ከቦይለሩ ሥር ሰማያዊና ቀይ ቀለበት እንዳለ አስታውሱት፤ የሚያንጠባጥብ ቫልቭም አትድፈኑ። ለጠያቂ ባለሙያም የድካሙን ዋጋ ሳትከራከሩ ክፈሉት፤ የሸጠላችሁ ብረት ሳይሆን ምክንያቱን ማወቁን ነውና።