ሦስተኛው ጎማ፤ ሮማና የብስክሌት ሸክም



ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ ወደ ፒያሳ ቪቶሪዮ በእግሩ የሚያዘግም ሁሉ ዘወትር የሚያየው ነገር አለ። አንድ ወጣት ብስክሌት ላይ ተቀምጦ፣ እርሱን ሊያክል ጥቂት የቀረው አራት ማዕዘን ቦርሳ በጀርባው አዝሎ፣ በመኪናዎች መካከል ይሹለከለካል። በቦርሳው ውስጥ የሰው ምሳ አለ። ልጁ ከባንግላዴሽ ወይም ከናይጄሪያ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከእኛም ልጆች ይህን ሥራ ይዘው የሚውሉ አሉ።

ከእነዚህ አንዱን በቅርቡ ምግብ ቤት ውስጥ አገኘሁት። ለእናቱ ፎቶግራፍ ሊልክ ፈልጎ ጓደኛውን «እስቲ አንሣኝ» አለው። ነገር ግን ፎቶው ከመነሣቱ በፊት ቦርሳውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ከጠረጴዛው ሥር ደበቀው። ምነው ብዬ ብጠይቀው «ጋሼ፣ እናቴ ልጄ ሰው አገር ሄዶ ተሸካሚ ሆነ ብላ እንዳታለቅስ ብዬ ነው» አለኝ። በጊዜው መልስ አጣሁለት። ዛሬ ግን መልሱን በዚችው በሮማ ታሪክ ውስጥ አገኘሁት መሰለኝ፤ ይህን ጽሑፍም የጻፍኩት ስለዚህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብስክሌት የተከለከለባት ከተማ

የፋሽስት ጦር አዲስ አበባ የገባው ግንቦት ማለትም ሜይ 5 ቀን 1936፣ በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን መሆኑን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከሰባት ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በሴፕቴምበር 1943 ኢጣልያ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋር ጦርነት ማቆሟን ስታስታውቅ ጀርመኖች ሮማን ያዙ። የወራሪ ዋና ከተማ የነበረችው ሮማ ራሷ የተወረረች ከተማ ሆነች። የተባበሩት ጦሮች ጁን 4 ቀን 1944 እስኪገቡ ድረስ ዘጠኝ ወር ያህል በፍርሃትና በረሃብ አሳለፈች።

ቤንዚን ጠፋ፤ የሕዝብ ማመላለሻውም ተዳከመ። ዳቦ በራሽን ሆነ። በማርች 1944 ለአንድ ሰው በቀን የሚሰጠው 100 ግራም ብቻ ደርሶ ነበር፤ ይህም ከአንድ ትንሽ ዳቦ የሚበልጥ አይደለም። በዚህ ጊዜ ለድኻው ሕዝብ የቀረለት መጓጓዣ ብስክሌት ነበረ። ሰው ብስክሌቱን ይዞ ወደ ገጠር እየወጣ ዱቄትም፣ ድንችም፣ ዘይትም፣ ያገኘውን ሁሉ ከኋላ አስሮ ይመለስ ነበር። ብስክሌት ያለው ቤተሰብ ይበላል፤ የሌለው የጥቁር ገበያውን ዋጋ ይከፍላል፤ መክፈል ያልቻለውም ጦሙን ያድራል።

በብስክሌት የሚጓዘው ግን ዱቄት ብቻ አልነበረም። የሮማ አርበኞችም በቅርጫት ከአትክልት በታች የተከለከለ ጋዜጣና ጥይት ይዘው ከሠፈር ሠፈር ያመላልሱ ነበር። ከነዚህ አርበኞች አንዱ ኋላ የታወቀ የሂሳብ ሊቅና የዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ማሪዮ ፊዮሬንቲኒ ነው። በዲሴምበር 1943 መጨረሻ ላይ ፊዮሬንቲኒ በብስክሌት መጥቶ በቴቬሬ ወንዝ ዳር ባለው በሬጂና ቼሊ እስር ቤት በር ላይ በነበሩ ጀርመኖች ላይ ቦምብ ጣለ፤ በዚያችው ብስክሌት አመለጠ። (ፊዮሬንቲኒ በ2022 በ103 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ይህንኑ ታሪክ ለወጣቶች ሲነግር የኖረ ሰው ነው።) ጀርመኖችም ተቆጡ። በሮማ ከተማ በብስክሌት መሄድ ክልክል ነው የሚል ትእዛዝ አወጡ።

እንግዲህ የሮማን ሰው ብልሃት እዚህ ላይ እንመልከት። ትእዛዙ «ቢቺክሌታ» ይላል። ቢቺክሌታ ማለት በቃሉ ትርጉም ባለ ሁለት ጎማ ማለት ነው። ታዲያ ሦስት ጎማ ካለው ቢቺክሌታ አይደለም፤ «ትሪቺክሎ» ነው! ሮማውያን በየጓዳቸው ገብተው በብስክሌቶቻቸው ላይ ሦስተኛ ጎማ እየቀጠሉ አደባባይ ወጡ። በእኛ አገር በበልሃ ልበልሃ የሚሟገት አዋቂ የሕጉን ሰም ይዞ ወርቁን እንደሚያመልጥ ሁሉ፣ እነርሱም የትእዛዙን ቃል ጠብቀው ትእዛዙን መሳቂያ አደረጉት። ሦስተኛዋ ጎማ ለጌጥ የመጣች አልነበረችም፤ ልጆችን ለማብላት የመጣች ነበረች።

ፉርጎንቺኖና የብስክሌት ሌቦች

ሦስት ጎማ ለኢጣልያ ከዚያም በፊት አዲስ አልነበረም። «ፉርጎንቺኖ» የሚሉት ባለ ፔዳል ጋሪ ነበራቸው። ለባቡር ዕቃ መጫኛ እኛ «ፉርጎ» እንደምንለው ያለ ቃል ነው፤ ፉርጎንቺኖ ማለት ትንሹ ፉርጎ ማለት ነው። ከፊት ለፊት ሁለት ጎማ፣ በሁለቱ መካከል የእንጨት ሣጥን፣ ከኋላ አንድ ጎማና የሚረግጠው ሰው። የዳቦ ቤት ልጅ ዳቦውን፣ ወተት ሻጭ ወተቱን፣ ሌላውም በረዶውንና ከሰሉን ደጅ ለደጅ ያደረሰው በዚህ ነው። ኢጣልያኖች ዛሬ በናፍቆት የሚያወሩለት አይስክሬም ሻጭም በእንዲሁ ያለ ጋሪ የሚዞር ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ሥራ የጠፋበትን ዘመን ለማወቅ የሚፈልግ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 የሠራውን «የብስክሌት ሌቦች» የተባለውን ፊልም ይመልከት። ፊልሙን ብዙዎቻችን የምናውቀው ስለ ሌብነት እንደሆነ አድርገን ነው። ልብ ብሎ ላየው ግን ስለ ሸክምም ነው። አንቶኒዮ የተባለው ሥራ አጥ ሰው በስንት መከራ ያገኘው ሥራ በግድግዳ ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ነው። መሰላሉን፣ የሙጫ ባልዲውንና ጥቅሉን ይዞ ከተማውን ለመዞር ብስክሌት የግድ ያስፈልገዋል። ብስክሌቱ ደግሞ መያዣ ሆኖ ተይዟል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቿን አስይዛ ብስክሌቱን አስለቀቀችለት። በመጀመሪያው የሥራ ቀኑ ተሰረቀበት።

አባትና ልጅ ብስክሌቱን ፍለጋ የሄዱት የት ይመስላችኋል? መጀመሪያ ፒያሳ ቪቶሪዮ፣ ቀጥሎም ፖርታ ፖርቴዜ። ማለትም ዛሬ እኛ በርበሬና ሽንኩርት የምንገዛበት ሠፈርና እሑድ እሑድ ያገለገለ ልብስና ዕቃ የምናማርጥበት ገበያ ነው። በፊልሙ ውስጥ አንቶኒዮን ሆኖ የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒ ተዋናይ አልነበረም፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረ። በመጨረሻም አንቶኒዮ ተስፋ ቆርጦ የሌላ ሰው ብስክሌት ሲሰርቅ በልጁ ፊት ይያዛል፤ ይዋረዳልም። ባለቤቱ ይቅር ሲለው አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሕዝቡ መካከል ይሄዳሉ። ያ አባት ያፈረው መሰላል በመሸከሙ አልነበረም፤ የሚሸከምበትን በማጣቱ ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ከንብ እስከ ባጃጅ

በዚያው በ1948 ዓመት ሦስተኛዋ ጎማ ሞተር ተገጠመላት። ፒያጆ የተባለው ኩባንያ በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን የሚሠራ ነበር፤ ፋብሪካው በቦምብ ከተደበደበ በኋላ በ1946 «ቬስፓ» የተባለችውን ሞተር ብስክሌት አወጣ። ቬስፓ ማለት ተርብ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶም መሐንዲሱ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ከቬስፓ ኋላ ባለ ሁለት ጎማ መጫኛ ቀጥሎ «አፔ»ን ሠራ። አፔ ማለት ደግሞ ንብ ማለት ነው። ተርብ ትናደፋለች፤ ንብ ግን ትሠራለች፤ ትሸከማለች። መኪና የመግዛት አቅም ያልነበረው አትክልት ሻጭ፣ ግንበኛና አናጢ በንቧ ተቋቋመ።

ንቧ በኢጣልያ ብቻ አልቀረችም። ባጃጅ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በመጀመሪያ ከፒያጆ እያስመጣ፣ በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ ደግሞ ፈቃድ አግኝቶ ራሱ መሥራት ጀመረ። ከብዙ ዓመታት በኋላም ኢትዮጵያ ገብታ በድሬዳዋ፣ በሐዋሳ፣ ብስክሌት በለመደችው በባሕር ዳርና በየከተማው ተሰማራች። የኩባንያው ስም የዕቃው ስም ሆነና ዛሬ «ባጃጅ» ሲባል የማያውቅ ሕፃን የለም። በፖንቴዴራ የነበረው የአፔ ሥራ በ2024 መጨረሻ ላይ ሲዘጋ የኢጣልያ ጋዜጦች እንደ ዘመድ ሞት አዘኑላት፤ የልጅ ልጆቿ ግን በእኛ አገር ሰውና ሸክም እያመላለሱ ናቸው።

ቃላቱም እንዲሁ ተጉዘዋል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፌርማታ፣ ኩንታል ሁሉ ከጣልያንኛ የቀሩልን ናቸው። የብስክሌት ሰንሰለት በጣልያንኛ «ካቴና» ይባላል። በእኛ ዘንድ ግን ካቴና የእጅ ማሰሪያ ብቻ ሆኖ ቀረ። ቃሉ ወደ አገራችን በማን እጅና በምን ሁኔታ እንደገባ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከጀርባ ወደ ጎማ

አሁን ወደ ዛሬው ልጃችን እንመለስ። የአባቶቹ ዘመን የሮማ ሰው ዳቦውን በሣጥን፣ ሣጥኑን በጎማ ላይ አድርጎ ይረግጥ ነበር። የዛሬው ልጅ ግን ብስክሌት እያለው ሸክሙ በጀርባው ነው። ይህ ወደፊት መሄድ ሳይሆን ወደ ኋላ መመለስ ነው። በጀርባ ያለ ሸክም ወገብ ይጎዳል፤ በኩርባም ላይ ሚዛን ያስታል። በ1954 በቬትናም በዲየን ቢየን ፉ ጦርነት ጊዜ ገበሬዎች በብስክሌት ላይ ከ200 ኪሎ በላይ ጭነው በጫካ ውስጥ እየገፉ ለሠራዊታቸው ስንቅ ሲያደርሱ፣ ሸክሙን የያዘው ጎማው እንጂ ጀርባቸው አልነበረም።

ለዚህም መላው ተሳቢ ነው። ከብስክሌቱ ኋላ የሚቀጠል ትንሽ ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ማለቴ ነው። ሕጉም ይፈቅዳል። የኢጣልያ የመንገድ ሕግ ማስፈጸሚያ ደንብ በ1992 ሲወጣ ብስክሌትና ተሳቢው በአንድነት ከ3 ሜትር እንዳይረዝሙ፣ የተሳቢው ስፋት ከ75 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው ከነጭነቱ ከ1 ሜትር፣ ጭነቱም ከ50 ኪሎ እንዳይበልጥ፣ በጨለማም ከኋላና ከጎን መታያ እንዲኖረው ደነገገ። ሃምሳ ኪሎ ግማሽ ኩንታል ነው። ለአንድ ቤተሰብ የወር ቀለብ ይበቃል።

እኔም ሞክሬዋለሁ። ለማኅበራችን ዝግጅት ሽንኩርትና ዱቄት ከኤስኩዊሊኖ ገበያ ለማምጣት ተሳቢ ተውሼ ወጣሁ። (ገበያው ከፒያሳ ቪቶሪዮ ተነሥቶ አጠገቡ ወዳለው የቀድሞ የጦር ሰፈር ሕንፃ የገባው በ2001 ነው።) ዱቄቱን ከኋላ፣ ሽንኩርቱን ከፊት ጫንኩ። የትራም ሐዲድ ላይ ስደርስ የተሳቢው አፍንጫ ወደ ላይ ተነሣ፤ ሽንኩርቱም በመንገዱ ላይ ተንከባለለ። ከእኔ ስሕተት ሌላው እንዲማር ያህል ጥቂት ልንገር። ከባዱ ዕቃ በጎማዎቹ ላይ፣ ጥቂት ወደ ፊት አዘንብሎ ይጫን። ጭነቱ እንዳይንቀሳቀስ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ያስፈልጋል። ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ከኋላ ስለሚገፋ ፍሬን ቀደም ብሎ መያዝ ነው። ሲታጠፉ የተሳቢው ጎማ ኩርባውን አቋርጦ የመንገዱን ጠርዝ እንዳይመታ ሰፋ አድርጎ መዞር። የትራም ሐዲድ በአግድም እንጂ በትይዩ አይታለፍም። ሳምፒዬትሪኒ በሚሉት የሮማ ጥቁር ድንጋይ ላይ ደግሞ መፍጠን እንቁላል ለጫነ ሰው አይመከርም።

የልጆቻችን ሸክም በተሳቢ ብቻ እንደማይቀል አውቃለሁ። የሥራው ውልም ሸክም አለበት። ስለዚህ መብታቸውን ይወቁ። በ2019 የወጣው ሕግ ቁጥር 128 ምግብ አድራሾች በቁጥር ብቻ እንዳይከፈላቸው ገደብ አድርጓል፤ ከፌብሩዋሪ 2020 ጀምሮም በሥራ ላይ ለሚደርስ አደጋ የ«ኢናይል» መድን እንዲገባላቸው ያዛል። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ወር የኢጣልያ ከፍተኛው ሰበር ፍርድ ቤት ለቶሪኖ ምግብ አድራሾች የተቀጣሪ ሠራተኛ መብት ይገባቸዋል ሲል ፈርዷል። የወደቀ ወይም የተገጨ ልጅ «ወረቀቴ ሳይሟላ» ብሎ ከመደበቁ በፊት ወደ ሠራተኛ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይጠይቅ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይሉ የለ አባቶቻችን?

ስለዚህ ለዚያ ልጅ ያን ቀን ያጣሁለትን መልስ አሁን እነሆ። ልጄ፣ ይህች ከተማ የቆመችው በተሸካሚዎች ነው። በረሃብ ዘመኗ ዱቄት ያመጣላት፣ በባርነት ዘመኗ የነፃነቷን ጋዜጣ ያደረሰላት፣ በድኽነቷ ዘመን ዳቦና ወተት ደጇ ድረስ የወሰደላት ብስክሌት የሚረግጥ ሰው ነበረ። ዛሬ ምሳዋን የምታደርስላት አንተ ነህ። ሌላ ጊዜ ፎቶ ስትነሣ ቦርሳውን አትደብቀው። ለእናትህም እውነቱን ጻፍላት፤ ልጇ ሠርቶ እንደሚበላ ብታውቅ የምታለቅሰው በደስታ ነው።

ብስክሌቱን ግን ደህና አድርገህ ቆልፈው፤ ሮማ ናትና።

ቸር ያሰንብተን።