አንደበት ሳይዘጋ

እኛ በደምበጫ ስንረዳዳ የኖርነው አብዛኛውን ሰው ካረፈ በኋላ ነው። ድንኳን እንተክላለን፣ እንቀብራለን፣ ለቀስተኛ እናስተናግዳለን። ከሞት በፊት ስላሉት ቀናት ግን እምብዛም አንነጋገርም። ስለዚሁ ካለፈው ታሪክ ጥቂት እናውሳ።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሕመም ሲበረታባቸው በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ፣ ራስ ተሰማ ናደውን እንደራሴ አድርገው በአዋጅ አስነገሩ፤ ቃላቸውን የሚያፈርሰውንም ረገሙ። ደግ አደረጉ፤ በ1902 አንደበታቸው ተያዘ። እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 በአልጋ ላይ ቆዩ። ነገር ግን አደራ የተሰጣቸው ራስ ተሰማ በ1903 ቀድመው ሞቱ፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። እንግዲህ ቃል ብቻውን አይበቃም፣ ጠባቂም ያሻዋል።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን በሥርዓት አበጀው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል። ሞት የቀረበበት ሰው በ2 ምስክሮች ፊት በቃል ቢናዘዝ ስለ ቀብሩ፣ ስለ ልጆቹ ሞግዚትና ከ500 ብር ስላልበለጠ ስጦታ ይሆንለታል፤ 3 ወር በሕይወት ከቆየ ግን ቃሉ ይቀራል። ደግሞም ሕግ ካላስገደደ በቀር ማንም ሰው ሕክምና አልፈልግም ማለት ይችላል።

ኑዛዜ ግን የሚሠራው ከሞት በኋላ ነው። የሕመሙን ጊዜ ማን ይናገርለት? ታላቅ ወንድማችን ሲታመም ቤታችን ስለ ንብረቱ ሁሉን ያውቅ ነበር፤ የት መታመም እንደሚፈልግ ግን የጠየቀው አልነበረም። አንደበቱ ሲዘጋ ሦስት ቀን ተከራከርን። ግማሹ «ቤቱ ይሁን፣ ነፍስ አባቱ ይጠሩ» አለ፤ እኛ «ትልቅ ከተማ ሐኪም ቤት ይወሰድ» ብለን አሸነፍን። መንገድ ላይ መኪና ውስጥ አረፈ። ትክክል ይሁን ስሕተት እስከዛሬ አላወቅነውም፤ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በጤናችን ሳለን ለሁለት ለምናምናቸው ሰዎች እንንገር፦ የት እንታመም? ሩቅ እንወሰድ ወይስ አንወሰድ? የሃይማኖት አባት መቼ ይጠራ? ማን ይወስንልን? መናገር ሞትን አይጠራም፤ የቀሩትን ግን ከጸጸት ያድናል።

እግዚአብሔር ያለፉትን ነፍስ ይማር፣ ላለነው ጤና ይስጠን።