የወፍ በሽታ ሲለቅ ቫይረሱም ለቀቀ?

በአገራችን ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ይባላል። ቅጠል ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ቢጫው ሲለቅ «ዳነ» ይባላል። አንዱ መነሻው ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ እሱ ግን ቢጫው ከለቀቀ በኋላም ጉበት ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

ቫይረሱ የታወቀው በ1960ዎቹ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያገኘው ባሩክ ብሉምበርግ በ1976 የኖቤል ተሸላሚ ሆነ። ሐኪሞች «ኢ አንቲጅን» የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ከደም ሲጠፋ ቫይረሱ ተዳከመ ይሉ ነበር። በ1989 ግን በግሪክና በጣሊያን ታማሚዎች ላይ ሌላ ነገር ታየ። ቫይረሱ ራሱን ሲገለብጥ ስህተቱን አያርምም። 1896ኛው የዘረመል ፊደሉ ሲቀየር ፕሮቲኑን መሥራት ያቆማል፤ መራባቱን ግን አያቆምም። ምርመራው ዝም ይላል፣ ጉበት ይጎዳል። 1762ኛውና 1764ኛው ፊደላት ሲቀየሩ ደግሞ የጉበት ካንሰር ስጋት ይጨምራል።

በኢትዮጵያ ክትባቱ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ብዙዎቻችን አልተከተብንም። ሚዛን፣ ሸኮና ቴፒ ያላችሁ ወጣቶች! ምላጭ አትጋሩ፤ ተመርመሩ። ነጻ ከሆናችሁ ተከተቡ። ከተገኘባችሁ ደግሞ «አያመኝም» ብላችሁ ክትትላችሁን አታቋርጡ።