ወጣቱን ከብክነት የማራቅ ትምህርት፦ አነሣሡና ያተረፈው ተመክሮ

ወጣቱ ትውልድ የሚገዛውን ዕቃ ከየት እንደ መጣና ከተጣለም በኋላ ምን ጉዳት እንደሚያስከትል አመዛዝኖ እንዲመርጥ ማስተማር፣ ለብዙዎች የቅርብ ጊዜ ሐሳብ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ የዚህ ትምህርት አንዱ ሥር የሚገኘው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ፣ በአሜሪካዋ የቦስተን ከተማ ነው።

ከጀማሪዎቹ መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱት እ.ኤ.አ. በ1842 የተወለዱት የኬሚስትሪ ሊቅ ኤለን ስዋሎው ሪቻርድስ ናቸው። እኒህ ሴት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለመማር የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት ሲሆኑ፣ በ1873 ተመርቀዋል። ከዚያ በኋላ የሚጠጣውን ውሃና በየሱቁ የሚሸጠውን ምግብ በመመርመር፣ ገዢው የሚገዛውን ነገር ካላወቀ ገንዘቡም ጤናውም እንደሚጎዳ ለሕዝብ አስረዱ።

በ1890 ከሜሪ ሂንማን ኤቤል ጋር በመሆን ኒው ኢንግላንድ ኪችን የተባለውን የሕዝብ ወጥ ቤት ከፈቱ። ዓላማው ዋጋው ዝቅ ያለውን ሥጋ በዝግታ በማብሰል ገንቢ ምግብ ማግኘት እንደሚቻል ለሠራተኛው ቤተ ሰብ ማሳየት ነበር። ለዚህም ኤድዋርድ አትኪንሰን የፈለሰፉት፣ ሙቀት እንዳያመልጠው ተደርጎ የተሸፈነና በአንዲት የላምባ መብራት የሚሞቅ ምድጃ አገልግሏል። ስለሆነም ምግብም ነዳጅም የሚቆጠብበት ዘዴ ተገኘ።

ዳሩ ግን ከልዩ ልዩ አገር ፈልሰው የመጡት ድሆች ምግቡን አልወደዱትም። ስሌቱ የተስተካከለ ቢሆንም፣ የለመዱትን ቅመምና የየአገራቸውን ማዕድ ያላገናዘበ ነበርና ወደ ራሳቸው ድስት ተመለሱ። ወጥ ቤቱ የተሻለ ውጤት ያገኘው ከ1894 ጀምሮ ለቦስተን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ምሳ ማቅረብ በጀመረ ጊዜ ነው።

በ1899 በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር፣ በሌክ ፕላሲድ የተጀመረው ዓመታዊ ጉባኤ በ1908 መጨረሻ የአሜሪካ የሆም ኢኮኖሚክስ ማኅበር እንዲቋቋም አደረገ፤ ሪቻርድስም የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1917 የወጣው የስሚዝ ሂዩዝ ሕግ ለትምህርቱ የመንግሥት ገንዘብ አስገኘለት። ሆኖም ትምህርቱ በተስፋፋ መጠን መሠረተ ሐሳቡ እየጠበበ ሄደ፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ልጃገረዶች ወጥና ስፌት የሚማሩበት፣ ወንዶች ግን የማይደርሱበት ክፍል ሆኖ ቀረ። የውሃው፣ የነዳጁና የቆሻሻው ጥያቄም ተዘነጋ።

ጥያቄው የተመለሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ የተደረገው ጉባኤ የፍጆታ ልማድ እንዲለወጥ ጠየቀ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1985 ያጸደቀው የሸማቾች ጥበቃ መመሪያም በ1999 ሲሻሻል ዘላቂ ፍጆታን አካተተ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ተመክሮ ግልጽ ነው። ባልትና ማለት እህልን መርጦ፣ ለክቶና ቆጥቦ ማሰናዳት እንደ መሆኑ፣ ትምህርቱ ለሴት ልጅ ብቻ የሚተው አይደለም። የተማሪውን ቤት ማዕድ የናቀ መምህርም ስሌቱ የቱንም ያህል ቢሰምር ሰሚ አያገኝም። በየእናቱ ጓዳ ያለውን ቁጠባ አክብሮ፣ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ገበያውና ወደ ወንዙ የሚያሻግር መምህር ግን ሪቻርድስ የጀመሩትን ከፍጻሜ ያደርሳል።