ገና ዘግይቶ አያውቅም

«እኛ ገናን ከዓለም 13 ቀን ዘግይተን ነው የምናከብረው» የሚለው ወሬ ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ሻይ ቤቱንም መኝታ ክፍሉንም ይሞላዋል። በየሱቁ መስኮት የፕላስቲክ ጥድና የጥጥ በረዶ ቀድሞ ይሰቀላል፤ የራሳችን በዓል ሲደርስ እንደ ትርፍራፊ የምንቆጥረውም አንጠፋም። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም።

እስከ እ.ኤ.አ. 1751 ድረስ ለንደንና ጎንደር ገናን ያከብሩ የነበረው በአንድ ቀን ነው። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ በታኅሣሥ 1744 ዓ.ም.፣ የጎንደር ሰው ገናን ሲውል እንግሊዞችም በዚያው ዕለት በዓል ላይ ነበሩ። እኛ የቆምንበት አለን፤ የሄዱት እነሱ ናቸው። የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1582 የዩልዮስ ቄሣርን አቆጣጠር ሲያርም 10 ቀን ዘለለ፤ ኦክቶበር 4 የተኛ ሰው ኦክቶበር 15 ነቃ። እንግሊዝ 170 ዓመት ስታንገራግር ቆይታ በ1752 ሴፕቴምበር 11 ቀን ቆርጣ ጣለች። በፀሐይ አካሄድ ረገድ እርማቱ ትክክል ነው፤ እሱን መካድ አይገባም። ግን መታረም ሌላ፣ መቅደም ሌላ።

ዋናው ቁም ነገር ወዲህ ነው። ፈረንጆቹ ገናን አክብረው በሳምንቱ ዓመት ይለውጣሉ፤ በዓሉ የዓመቱ ጭራ ሆኗል። የኛ ዓመት የሚዞረው በመስከረም ስለሆነ ገና ከዘመን መለወጫ ጋር ጉዳይ የለውም። ታዲያ ከምን ይቆጠራል? ከመጋቢት 29፣ ከፅንሰቱ ዕለት። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 29 ልክ 275 ቀን ነው፤ ማለትም 9 ወር ከ5 ቀን። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ግን ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ያቺ አንዲት ቀን መሐል ስትገባ፣ 29 ይጠበቅ ቢባል እርግዝናው 276 ቀን ሊሆን ነው። ስለዚህ በተከታዩ በዘመነ ዮሐንስ በዓሉ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ታኅሣሥ 28 ይውላል። በ2012 እና በ2016 ዓ.ም. ያየነው ይኼንኑ ነው፤ የ2020ም እንዲሁ ነው።

ይኼን በወረቀት አስልቼ ሳየው ደነገጥኩ። ሮማውያን ዘመንን ለገዢ አጎንብሰው፣ ሁለት ወር በዩልዮስና በአውግስጦስ ስም ጠሩ። ባሕረ ሐሳብ ግን ዓመቱን ሙሉ ቀኑን አሰልፎ ሲያበቃ፣ ለአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ሲል አንድ ቀን ይለቃል። ዘመን ቢዞር፣ ወንጌላዊ ቢለወጥ፣ የማሕፀኑ ቁጥር አይነካም። አንድ እግዚአብሔር ሰው ሆነ የሚል ሕዝብ ከዚህ የበለጠ ምን ብሎ ሊመሰክር ይችላል? መፈክር አይደለም፤ ሒሳብ ነው።

ለኛ ለልደታ ልጆች ደግሞ ነገሩ ከደጃችን አይርቅም። የሰፈራችን ስም «ልደቷ» ማለት ነው፤ የእመቤታችን መወለድ። ዓመታዊ በዓሏ ግንቦት 1 ሲሆን፣ ወር በባተ በ1 ደግሞ ትታሰባለች። መስከረም 1 ሁሉም ሰው እንቁጣጣሽ ሲል ቀኑ የልደታም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በበኩሉ የጌታ ልደት በዓመት አንዴ ታስቦ እንዳይቀር፣ በየወሩ በ29 እንዲከበር አጥብቆ አዘዘ። መጽሐፈ ሚላድም የተዘጋጀው በዚያ ቀን እንዲነበብ ነው። እርግጥ ንጉሡ ጨካኝ ነበር፤ ደቂቀ እስጢፋኖስን እንዴት እንዳሳደዳቸው በዓሉን እያመሰገንን ልንረሳው አንችልም። ሥርዓቱ ግን ከንጉሡ በላይ ዕድሜ አገኘ። ወሩ በእናት ልደት ይብታል፣ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው የልጅ ልደት ይታሰባል፤ እንዲህ እያለ በዓመት 12 ጊዜ።

ጳጉሜን ብቻ 29 የላትም። ቢሆንም በአራት ዓመት አንዴ ገናን ወደ 28 የምታመጣው የሷው ስድስተኛ ቀን ናት።