የምንመኛት አልፋ ሮሜዮ

እኛ ተማሪዎች የጥንት አውቶሞቢል ሥዕል ከመጽሔት እየቆረጥን በደብተራችን እንለጥፋለን። በ1939 እ.ኤ.አ. የተሠራች አንዲት አልፋ ሮሜዮ በ2016 እ.ኤ.አ. ከ19 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጣለች፤ የማይመኛት ማን አለ! እኛ ጎጃሞች ግን የምንመኛት ሌላ አልፋ ሮሜዮ ናት።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን በኦሜድላ ሲገቡ፣ መንገድ ስላልነበረ ካሚዮኑ እየተያዘ፣ ግመሉም እየወደቀ ብዙ ድካም ሆነ። መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ። ሚያዝያ 27 ቀን፣ ጠላት ከተማይቱን በያዘ በ5 ዓመቱ፣ ኮሎኔል ዊንጌት በፈረስ እየመራ አዲስ አበባ የገቡት ግን ጣሊያን በሠራት ክፍት አልፋ ሮሜዮ ነበር። የሚላኖ ሠራተኞች ብሎኗን ሲያጠብቁ ለማን እንደምትሆን መች አወቁ!